የሕዝበ ውሳኔ ጥቅምና ጉድለት፤ ከጅማ እስከ ቦንጋ ባለው አገር ሲመረመር

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር ከአንድ ክልል ወጥቶ ወደ ሌላ ክልል ይገባል፡፡ ቡናው ያው ቡና ነው፤ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ነጋዴም ከጥንት ጀምሮ ይተዋወቃል፡፡ አስተዳደሩ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፡፡ ከ1934 ዓ. ም. የአስተዳደር ድንጋጌ በኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ስለ ነበረች የቦንጋም የሚዛንም ባለጉዳይ አቤቱታውን ይዞ ወደ ጅማ ይመጣ ነበር፡፡ በ1984 ዓ. ም. የሽግግሩ መንግሥት አገሪቱን በክልሎች ሲከፍል ጅማ በኦሮሚያ፣ ቦንጋ ደግሞ በክልል 11 ውስጥ ሆኑ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ክልል 11 ከሌሎች አራት ክልሎች ጋራ ተቀላቅሎ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተባለ፤ መቀመጫውም ሐዋሳ ሆነ፡፡ ይህ ሁሉ ሲደረግ በስፍራው የሚኖረው ሰው በድምፁ አልተጠየቀም፡፡ በየትኛው ክልል ሥር መተዳደር እንደሚሻ ወረቀት ተሰጥቶት የተጠየቀው ለመጀመሪያ ጊዜ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ. ም. ነው፡፡

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ቀን መነሻ አድርጎ ሕዝበ ውሳኔ ለዴሞክራሲ አስተዳደር የሚሰጠውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ጉዳት ማስረዳት ነው፡፡ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቋቋም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ነገር ላይ ለመፍረድ አልነሣሁም፡፡ እኔ የምመረምረው መሣሪያውን ነው፤ መሣሪያው ምን መሥራት እንደሚችልና ምን መሥራት እንደማይችል ሳይታወቅ በሥራው መደሰትም ማዘንም ይከብዳልና፡፡

ሕዝበ ውሳኔ፣ በውጭ ቋንቋ ሪፈረንደም የሚባለው፣ አንድ የተወሰነ ጉዳይ በእንደራሴዎች ሳይሆን በራሱ በመራጩ ሕዝብ ድምፅ የሚወሰንበት ሥርዓት ነው፡፡ ከምርጫ የሚለይበት ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በምርጫ ሰው ይመረጣል፣ በሕዝበ ውሳኔ ግን ነገር ይቆረጣል፡፡ የተመረጠው ሰው ካልረባ ከአምስት ዓመት በኋላ ይለወጣል፡፡ የተቆረጠው ነገር ግን፣ ይልቁንም የአገርና የክልል ወሰን ሲሆን፣ ሁለተኛ ተመልሶ ለመራጩ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው፡፡

በአገራችን ሕገ መንግሥት ይህ ሥርዓት በግልጽ የተጻፈው በሁለት ቦታ ነው፡፡ አንቀጽ 39 ስለ መገንጠል ሲናገር፣ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጠየቀ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል ይላል፡፡ አንቀጽ 47 ደግሞ አዲስ ክልል ስለ ማቋቋም ሲናገር ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ድምፁን እንዲያሰጥ ያዛል፡፡ አንቀጽ 48 የሁለት ክልሎች የወሰን ክርክር በሁለቱ ስምምነት ካልተፈታ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት ተመልክቶ ይወስናል ብሎ ያልፋል፤ ፍላጎቱ በምን ይታወቃል ለሚለው በተግባር የተሰጠው መልስ በአንዳንድ ስፍራ ሕዝበ ውሳኔ ሆኗል፡፡ ሕጉ ይህን ያህል ነው፡፡ ቢያንስ ስንት ሰው ድምፅ መስጠት እንዳለበት፣ ብዙ ብሔረሰቦች በአንድነት ሲጠይቁም አብላጫው በድምር ይቆጠር ወይስ በየብሔረሰቡ፣ ሕገ መንግሥቱ አይናገርም፡፡

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፡፡ ሕዝበ ውሳኔን የሚያዝዘው ይህ ሕገ መንግሥት ራሱ በሕዝበ ውሳኔ አልጸደቀም፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው፡፡ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ከእርሱ በፊት የነበረው፣ ወታደራዊው መንግሥት ያወጣው ሕገ መንግሥት ነው፡፡ ረቂቁ በየቀበሌው ለውይይት ቀርቦ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ. ም. ድምፅ ሲሰጥበት ከመራጩ 96 በመቶ ያህሉ እንደ ተሳተፈ፣ 81 በመቶው ደግፎ 18 በመቶ ያህሉ እንደ ተቃወመ ተነገረ፡፡ ያ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ የቆየው አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው፡፡ እንግዲህ አንድ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ መጽደቁ ብቻውን ዕድሜ እንደማይሰጠው ከዚህ መረዳት ይቻላል፡፡

አሁን ወደ ቦንጋ እንመለስ፡፡ በመስከረም 2014 ዓ. ም. ድምፅ የሰጡት የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ ናቸው፡፡ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ባስታወቀው ውጤት አዲሱን ክልል የደገፈው ድምፅ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሲሆን በነባሩ ክልል መቆየትን የመረጠው 24 ሺህ ያህል ነው፡፡ ክልሉም ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ. ም. በይፋ ተመሠረተ፡፡ የአገሪቱ 11ኛ ክልል በመሆኑ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የጠፋው ቁጥር ወደ ከፋ ምድር ተመልሶ መጣ፤ ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ነገር ግን በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች ሳያስተውሉት አይቀሩም፡፡

ክልል መሆን ምን ያስገኛል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፡፡ የፌዴራሉ መንግሥት የድጎማ በጀት የሚከፋፈለው ለክልሎች ነው፤ ዞን ድርሻውን የሚያገኘው ከክልሉ እጅ ነው፡፡ ክልል የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለው፡፡ ከቴፒ ወይም ከሚዛን እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሩቅ መንግሥት ምን ማለት እንደሆነ ማስረጃ አይፈልግም፡፡ ጥያቄው እውነተኛ የኑሮ ጥያቄ ነበር፡፡

ከሕዝበ ውሳኔ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ መስሎ የሚታየኝ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፡፡ ብዙዎች ሕዝብ በቀጥታ መወሰኑን ያመሰግናሉ፤ እኔ ግን ቀን መቁረጡን አስቀድማለሁ፡፡ ሹማምንት ሊያዘገዩት የሚችሉትን ነገር ሕጉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈጸም ብሎ ያስገድዳቸዋል፡፡ ይህ ግዴታ ሲጣስ የሚሆነውን በሲዳማ አይተናል፡፡ የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን ያጸደቀው በሐምሌ 2010 ዓ. ም. ነበር፡፡ ዓመቱ ሲሞላ፣ ይኸውም ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ. ም.፣ ወጣቶቹ «11/11/11» ብለው የሰየሙት ዕለት ሲደርስ፣ ድምፁ ገና አልተዘጋጀም ነበር፡፡ በዚያ ሳምንት በተነሣው ሁከት በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ ንብረትም ጠፋ፡፡ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ሕዝበ ውሳኔው ሲካሄድ ግን ቀኑ በሰላም ዋለ፤ 98.5 በመቶ ያህል ድምፅ ክልልነትን ደገፈ፡፡ ጥያቄውም ጠያቂውም ያው ነበሩ፡፡ በሐምሌና በኅዳር መካከል የተለወጠው ነገር ሰልፍ፣ ኮሮጆና ቆጠራ መገኘቱ ብቻ ነው፡፡

ይህን ካልን በኋላ ስለ ቁጥሩ ማሰብ ይገባል፡፡ በሲዳማ ተቃዋሚው ድምፅ 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ 2 በመቶ አይሞላም፡፡ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ግን 18 በመቶ ተቃውሟል ተብሎ ነበር፡፡ ሰው በነጻነት ሐሳቡን ይገልጽ በማይባልበት ዘመን የተቃዋሚው ቁጥር ከዛሬው መብለጡን ምን እንበለው? የቀድሞውን ቁጥር እናምናለን ማለቴ አይደለም፡፡ ነገር ግን በዘመናችን ወደ መቶ የተጠጋ ድጋፍ የሚገኘው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ሕዝቡ በእውነት አንድ ልብ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ሁለተኛው የተሸናፊውን ወገን ሐሳብ ይዞ አደባባይ የሚቆም ሰው ሲታጣ ነው፡፡ በቁጥሩ ብቻ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፡፡

ከዚህ የሚከተለው ነገር ሕዝበ ውሳኔን ለሚመረምር ሁሉ ዋና ነው ብዬ አምናለሁ፡፡ መራጩ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፡፡ የከፋ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ. ም. የጠየቀው ከፋ ለብቻው ክልል እንዲሆን ነበር፡፡ በደቡብ ያሉ ሌሎች ዞኖችም እንዲሁ በየፊናቸው ጠይቀዋል፡፡ ከብዙ ጥናትና ምክክር በኋላ ግን በወረቀቱ ላይ የወጣው በጋራ ክልል መደራጀት ወይም በነባሩ መቆየት የሚል ሁለት አማራጭ ሆነ፡፡ ሦስተኛው፣ አስቀድሞ የተጠየቀው፣ በወረቀቱ ላይ የለም፡፡ ከፋ ለብቻው ይሁን ብሎ የሚያምን የቦንጋ ሰው እንግዲህ በየትኛው ላይ ምልክት ያድርግ? ከሩቁ ሐዋሳ የቅርቡ ይሻለኛል ብሎ የጋራውን ቢደግፍ ድምፁ ሙሉ ድጋፍ ሆኖ ተቆጥሯል፡፡ ቡና ገበያ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል፤ አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ቀን የተሸጠ ቡና ዋጋው ለሻጩ ተስማምቶታል ማለት አይደለም፡፡ በእርግጥ ለየብቻ የሚቋቋሙ ትናንሽ ክልሎች ወጪያቸውን መሸፈን ያዳግታቸዋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፡፡ ክብደት ያለው ከሆነ ግን መራጩ ፊት ቀርቦ ቢመዘን ይሻል ነበር፡፡

ጥያቄው በቃል ብቻ አይደለም የሚጻፈው፤ ማንበብ ለማይችለው መራጭ በምልክትም ይጻፋል፡፡ በሲዳማ ወረቀት ላይ ክልልነትን የሚወክለው ሻፌታ የተባለው የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ ነበር፤ መቆየትን የሚወክለው ደግሞ ጎጆ፡፡ በ2015 ዓ. ም. ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ጌዴኦን፣ ደቡብ ኦሞንና ኮንሶን እንዲሁም አምስት ልዩ ወረዳዎችን ባሳተፈው ሕዝበ ውሳኔ የድጋፉ ምልክት ነጭ እርግብ፣ የተቃውሞው ጎጆ ቤት ሆነ፡፡ በእኛ አገር ነጭ እርግብን እምቢ የሚል ሰው ማን ነው? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወደፊት ግን ምልክት መራጮች ሁለት ገለልተኛ ሥዕሎችን ለማግኘት ቢደክሙ መልካም ነው፡፡

ሌላው ብርቱ ችግር ሕዝብ የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው፡፡ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ድምፅ ሰጪው በመስመር ይከለላል፤ መስመሩን ያሰመረ ግማሹን ውሳኔ ወስኗል፡፡ የሐዋሳ ከተማ የሲዳማ ዞን መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የመላው ደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ከተማይቱ ወደ አዲሱ ክልል ስትገባ ግን የወላይታም የጋሞም ገበሬ ድምፅ አልነበረውም፡፡ የውጭውን ዓለም ብንመለከት በስዊዘርላንድ፣ የሕዝበ ውሳኔ አገር በምትባለው፣ ሴቶች በፌዴራሉ ምርጫ ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ የሚለው ጥያቄ በ1959 እ. ኤ. አ. ለሕዝብ ቀርቦ ሁለት ሦስተኛው መራጭ አይሆንም አለ፡፡ መራጮቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ፡፡ ሴቶቹ መብታቸውን ያገኙት ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1971 እ. ኤ. አ.፣ ያም በወንዶች ድምፅ ነው፡፡ ሆኖም ከዚያች አገር የምንማረው ሌላ ነገር አለ፡፡ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ የማይቀበሉ ዜጎች በ100 ቀን ውስጥ 50 ሺህ ፊርማ ካሰባሰቡ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥት ለመለወጥም የመራጩ አብላጫ ብቻ ሳይሆን የክፍለ ግዛቶቹ አብላጫ ያስፈልጋል፡፡ ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ የተበጀ ነው፡፡ እንደ ደቡብ ምዕራብ ብዙ ብሔረሰቦች በአንድነት በሚጠየቁበት ስፍራ ይህ ድርብ ቆጠራ ቢታሰብበት አይጎዳም፡፡

ጅማስ? የጎጀብ ወዲያ ቡና ለብዙ ዘመን በጅማ ገበያ ሲያልፍ ኖሯል፤ በውጭ ገበያም የደቡብ ምዕራቡ ደረቅ ቡና ብዙውን ጊዜ በጅማ ስም ይጠራል፡፡ ጎረቤቱ ክልል ሲሆን ግብሩ፣ ኬላውና የንግድ ፈቃዱ የሚነካው የጅማ ነጋዴ ግን ድምፅ የለውም፡፡ ይገባው ነበር አልልም፤ ቤት የሚሠራ ሰው ለጎረቤቱ ድምፅ አይሰጥም፣ ያማክራል እንጂ፡፡ ሕጋችን ስለ ምክክሩ የሚለው ነገር የለም፡፡

በመስመሩ ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው የወሰን ሕዝበ ውሳኔ ነው፡፡ በ1997 ዓ. ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች በየቀበሌያቸው ድምፅ ሰጥተው 80 በመቶ ያህሉ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ፡፡ በወረቀት ነገሩ አለቀ፡፡ ነገር ግን አርብቶ አደር የሚኖረው ከውኃና ከግጦሽ ጋራ ነው፤ በክረምት እዚህ፣ በበጋ እዚያ ያለ ሰው የየትኛው ቀበሌ መራጭ ነው? በ2009 እና በ2010 ዓ. ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ፡፡ የግጭቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የቀድሞው ድምፅ ግን ሊያግደው አልቻለም፡፡

ከድምፁ በኋላ የሚመጣውም ያልተጠየቀው ነገር ነው፡፡ ሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ. ም. ኤርትራውያን ነጻ አገር ለመሆን ሲጠየቁ 99.8 በመቶው አዎን አለ፡፡ የወሰን ማካለሉ፣ የወደቡ፣ የገንዘቡና የዜግነቱ ነገር ከወረቀቱ ውጭ ቀረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1990 ዓ. ም.፣ ጦርነት ተነሣ፡፡ የብሪታንያ ሕዝብ በሰኔ 2008 ዓ. ም. ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በ51.9 በመቶ ሲወስን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አልተስማማም ነበር፤ እስኪወጣ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ተከራከረ፡፡ የእኛው ደቡብ ምዕራብ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፡፡ ዋና ከተማው የት ይሁን የሚለው በወረቀቱ ላይ ባይኖርም በኋላ በስምምነት ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ተከፋፈለ፡፡ ለሰላም የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ፋይሉን ይዞ በአራቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ባለጉዳይ ነው፡፡

በ2015 ዓ. ም. የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አንድ መልካም ምሳሌ ትቶልናል፡፡ ጥር 29 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ቦርዱ በወላይታ ዞን ጥፋት መፈጸሙን ደርሶበት የዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ አሰጠ፡፡ ውጤቱ እንደማይለወጥ ብዙ ሰው ሲገምት ለሥርዓቱ ብቻ ብሎ ድጋሚ መቁጠር በአገራችን የተለመደ አይደለም፡፡ በዚያው ዓመት ነሐሴ ግን ከቀድሞው ደቡብ ክልል የተረፉት ጉራጌ፣ ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ስልጤ፣ ሀላባና የጅማ ጎረቤት የሆነው የም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነው ተደራጁ፡፡ እነዚህ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገላቸውም፡፡ አስቀድሞ የጉራጌ ዞን ምክር ቤት አሳቡን አልቀበልም ብሎ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው፡፡ ለመውጣት የጠየቀው ተጠየቀ፤ የቀረው ግን ሌሎች ሲወጡ ቤቱ ስለ ፈረሰ አዲስ ቤት ተሰጠው፡፡

ለማጥናት ለሚሻ ተማሪ መስኩ ሰፊ ነው፤ ለጅማ ተማሪ ደግሞ ቅርብ ነው፡፡ ውጤቱ በምርጫ ቦርድ እጅ አለ፤ የማይገኘው መራጩ ወረቀቱን ሲይዝ በልቡ የነበረው ነው፡፡ ከጎጀብ ማዶ ወዳሉት የቡና ቀበሌዎች ወርዶ መራጮችን አንድ በአንድ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚያ ቀን ምን የተጠየቁ መሰላቸው? ከፋ ለብቻው የሚለው ሦስተኛ አማራጭ ቢኖር ምልክታቸውን የት ባደረጉ ነበር? አዲሱ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ለአንድ ጉዳይ ስንት ቀን ይመላለሳሉ፤ በፊትስ ስንት ቀን ይወስድባቸው ነበር? የቡና ለቀማው ከማለቁ በፊት መሄድ አይበጅም፤ በዚያ ወራት በቤቱ የሚገኝ ሰው የለምና፡፡